የአደንጓሬው ሣጥን

በኮርሊ ቤንድ መንደር የቤቴል ቤተ ክርስቲያን ሴቶች እድር አዲስ አባል የሚቀበለው በአደንጓሬ ነው። ነጭና ጥቁር አደንጓሬ በአንድ ሳሕን ተደባልቆ ይቀርባል፤ እያንዳንዷ ሴት ብቻዋን ወደ ጠረጴዛው ሄዳ፣ ጀርባዋን ለጉባኤው ሰጥታ፣ አንዲት ፍሬ ታነሣና በዝግባ ሣጥኑ ቀዳዳ ትጥላታለች። ነጭ «ትግባ» ማለት ነው፤ ጥቁር «አትግባ»። አንዲት ጥቁር ከተገኘች ነገሩ ቀረ። ማን እንደ ጣላት አይጠየቅም፤ የጠየቀች ራሷ ትወጣለች። ሣጥን ያዢዋም ብትሆን በየዓመቱ መጨረሻ ለዚያው ሣጥን ትቀርባለች።

አርዜላ ፐርኔል ይህን ሣጥን ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ይዛለች፤ ዐሥራ ዘጠኝ ጊዜም ስለ እርሷ የተጣለው ሁሉ ነጭ ነበር። ስድሳ ሊሞላት ጥቂት ወራት የቀሯት፣ ረጅምና ደረቅ ሴት ነበረች። ሁለት ቀሚስ ብቻ ነበራት፤ አንዱ ለቤተ ክርስቲያን፣ አንዱ ለቀረው ሁሉ። ውሸት ተናግራ የሰማት ሰው አልነበረም፤ ሣጥኑ የተሰጣትም ስለዚህ ነበር።

በየቀኑ ለዐሥር ሰዓት ያህል በስታንሲል የዓሣ ፋብሪካ ቆማ የአምባዛ ሥጋ ከአጥንት ትለያለች። ሚሲሲፒ ውስጥ በዚያ ሜዳ ላይ ጥጥ ለቃሚነት ከቀረ ወዲህ ሴት የምትቀጠርበት ሌላ ሥራ ብዙ አልነበረም። በግራዋ የምትቆመው ሎቪኒያ ባንክስ ነበረች፤ የልጅነት ጓደኛዋ፣ የሠርጓ ሚዜ፣ ጠዋትና ማታም በአርዜላ መኪና የምትመላለስ። በዚያ ብርድና እርጥበት ዐሥራ አራት ዓመት ቢላ የጨበጠ እጅ እንደ ሰው እጅ አይሆንም። የሎቪኒያ የቀኝ እጅ ጣቶች ማለዳ ማለዳ ታጥፈው ይገኛሉ፤ በግራ እጇ አንድ በአንድ ፈልቅቃ ትከፍታቸዋለች። ካቦው ዶይል ሰዓቱን ይዞ ከኋላዋ መቆም ከጀመረ ሁለት ወር ሆኖት ነበር።

«ሎቪኒያ፣ ዛሬም ዓሣውን እያባበልሽው ነው?»

«እሱማ ሞቷል፤ የማባብለው አንተን ነው።»

ሴቶቹ ይሥቃሉ፤ ዶይልም ይሥቃል፤ ነገር ግን ወረቀቱ ላይ ይጽፋል። ባለፈው ዓመት እጃቸው እንዲህ የታጠፈባቸው ስድስት ሴቶች ተሰናብተዋል። ሠራተኞቹ ማኅበር ለማቋቋም በተነሡ ጊዜ የመጀመሪያው ጥያቄያቸው ይኸው ነበር፤ እጇ የተጎዳ ሴት ወደ ማሸጊያው ክፍል ትዛወር እንጂ አትባረር። ማኅበሩ ከቆመ ሎቪኒያ ትተርፋለች፤ ካልቆመ እስከ ገና አትደርስም። አርዜላ የፊርማ ካርዱን ይዛ ከሰው ሰው የዞረችው በሌላ ምክንያት አልነበረም።

ከመቶ ዐሥራ ሁለት ሠራተኞች ሰባ ዘጠኙ ፈረሙ። ሕጉ ሁለት በር ነበረው፤ ባለቤቱ ወዶ ካርዶቹን ከተቀበለ ማኅበሩ ያለ ምርጫ ይቆማል፤ እምቢ ካለ የመንግሥት ሰዎች ሣጥን ያመጣሉ፣ ሠራተኛውም ድምፅ ይሰጣል። ባለቤቱ አሮጌው ሚስተር ስታንሲል ሞቱ የቀረበ ሰው ነበር፤ ከጠብ ጋር መሞት አልፈለገም። «ካርዱን የቤተ ክርስቲያናችሁ መሪ ረቨረንድ ቲግፔን ይቍጠረው፤ ከግማሽ በላይ ከሆነ እፈርማለሁ» ብሎ ቃሉን ሰጠ። ቀጠሮው ለሰኞ ሆነ።

ዓርብ ዕለት የሥራ ልብስ በሚታጠብበት ክፍል ጄርሊን የምትባለው ወጣት ሴት አርዜላን ጠበቀቻት።

«ሚስ አርዜላ፣ አንድ እውነት ልንገርዎት?»

«ከእውነት ሌላ ምን ልትነግሪኝ ኖሯል?»

«ካርዱን የፈረምኩት ማኅበሩን ወድጄ አይደለም። እናቴ በኅዳር ለእድሩ ልትቀርብ ነው። ሣጥኑን የሚከፍቱት እርስዎ ነዎት። ብዕር ይዘው ፊቴ ሲቆሙ እንዴት ብዬ እምቢ ልበል?»

«እኔ እኮ እከፍታለሁ እንጂ ፍሬውን አልጥልም።»

«እሱን እርስዎ ያውቃሉ። እኛ የምናየው ሣጥኑ ከእጅዎ አለመውጣቱን ነው።»

«እንዳንቺ የፈረመ ሌላ ሰው አለ?»

ጄርሊን ውኃውን አየች። «እኔ የራሴን ነው የነገርኩዎት» አለች።

አርዜላ በዚያ ቀን ምሳዋን አልበላችም። እነዚያን ሰባ ዘጠኝ ፊቶች አንድ በአንድ ታስታውስ ጀመር፤ ይህ ሲፈርም ወደ መሬት አይቶ ነበር፤ ያችኛዋ ሳቅ አብዝታ ነበር። ቀድሞ ደስታ መስሎ የታያት ሁሉ አሁን ፍርሃት መሰላት። ሕሊና አንድ ጊዜ ከተጠራጠረ መርማሪም ዳኛም ራሱ ይሆናል፤ ምስክር መስማትም ይተዋል።

ቅዳሜ ቀትር ላይ በሎቪኒያ ሰገነት ሦስት ሆነው ተቀመጡ፤ አርዜላ፣ ሎቪኒያና ከሜምፊስ ከማኅበሩ የተላከው ኮርዴል የሚባለው ወፍራም ሰው። ሎቪኒያ ጎመንና የበቆሎ ዳቦ አቅርባ ነበር።

«ድምፅ ይሰጥ» አለች አርዜላ።

ኮርዴል ዳቦውን አፉ ሳያደርስ ቆመ። «እኅት አርዜላ፣ እየቀለዱ ነው?»

«እሷ? ቀልድ?» አለች ሎቪኒያ። «በሠርጓ ቀን እንኳ አልሣቀችም። እኔ ነኝ ምስክሯ።»

አርዜላ የጄርሊንን ስም ሳታነሣ ነገሩን አስረዳቻቸው። ኮርዴል ዳቦውን መልሶ አስቀመጠ።

«ሰውየው እጁን ዘርግቶልናል! ሰኞ ይቈጠራል፣ ማክሰኞ ማኅበር አለን። ምርጫ ካሉ ግን ስድስት ሳምንት ነው። በስድስት ሳምንት ውስጥ ምን እንደሚያደርጉ እኔ በዐይኔ አይቻለሁ።»

«በፍርሃት የተፈረመ ወረቀት ይዤ ነፃ አወጣኋችሁ ልበላቸው?»

«ፍርሃት አሉ? እሺ፣ እርስዎን የምትፈራ አንዲት ሴት ተገኘች። ካቦውን የሚፈሩት ስንት ናቸው? የምርጫው ሣጥንስ የሚቀመጠው በማን ቤት ነው?»

«ማንም አያየውም። ሰው ብቻውን ሲሆን እውነቱን ይናገራል።»

«ሰው ብቻውን ሲሆን ልጆቹን ነው የሚያስበው» አለች ሎቪኒያ። ከዚያ በኋላ ድምፅዋ ዝቅ አለ። «አርዜላ፣ ስሚኝ። እድራችን ውስጥ አደንጓሬ ስጥል፣ ከፊቴ የቀረበችው ሴት እንጀራዬን አልያዘችም። እንጀራዬን የያዘው ሰውዬ ራሱ ሲቀርብስ? ያኔ ሣጥን ምን ያደርግልኛል?»

«ሣጥን ሣጥን ነው።»

ሎቪኒያ የቀኝ እጇን አንሥታ በጠረጴዛው ላይ አኖረችው፤ እንደ ደረቀ የዶሮ እግር ታጥፎ ነበር። «ይቺን እያት። ስድስት ሳምንት የምትጠብቅሽ ይመስልሻል?»

አርዜላ እጁን አየችው፤ ከዚያም ዐይኗን አነሣች። «ሰባ ዘጠኝ ሰው በእውነት ከፈረመ ስድስት ሳምንት አይለውጠውም። ካልፈረመ ግን የምታድንሽ የተሰረቀች ማኅበር ናት። አንቺ ራስሽ አትወጂያትም።»

«እኔ?» አለች ሎቪኒያ። «ብትሰረቅም እወዳት ነበር።»

እጅን ንጹሕ ማድረግ በጎ ነገር ነው፤ ነገር ግን የሚታጠቡበት ውኃ ከማን እንስራ እንደ ተቀዳ አስቀድሞ መጠየቅ ይገባል። አርዜላ አልጠየቀችም። ኮርዴል እስኪመሽ ለመናት፤ ነገር ግን ካርዶቹ በእርሷ እጅ ነበሩ፤ አሮጌው ስታንሲልም ቃሉን የሰጠው ለእርሷ ነበር።

ሰኞ ማለዳ ሽማግሌውን በዓሣ ኩሬው ዳር አገኘችው። መተንፈሻ ቱቦ በአፍንጫው አድርጎ በመኪናው ውስጥ ተቀምጦ ውኃውን ይመለከት ነበር።

«ካርዱን አመጣሽ?»

«አላመጣሁም፣ ሚስተር ስታንሲል። ሠራተኛው ድምፅ ይስጥ ብዬ ነው የመጣሁት።»

«እኔ እሺ እያልኩሽ?»

«እርስዎ እሺ ብለዋል። ሁሉም ወዶ መፈረሙን ግን እኔ አላወቅሁም። ኋላ ተሰረቀ እንዳይባል ብዬ ነው።»

ሽማግሌው ዐይኑን ከውኃው ላይ አነሣ። «አርዜላ፣ አባቴ ለአባትሽ ያላደረገውን ላደርግልሽ ነበር። ምርጫ ከሆነ ነገሩ ከእጄ ይወጣል። ልጄን ታውቂዋለሽ።»

«እግዚአብሔርንም አውቀዋለሁ።»

«እሱ እዚህ ፋብሪካ ውስጥ ድርሻ የለውም» አለ ሽማግሌው፤ የመኪናውንም መስኮት ዘጋ።

የምርጫው ቀን በተቈረጠ በሁለተኛው ሳምንት አሮጌው ስታንሲል ጃክሰን ሆስፒታል ገባ፤ ከዚያም አልተመለሰም። ልጁ ሬይ የአባቱን ወንበር ያዘ። ከሌላ ክፍለ ሀገር ሸሚዛቸው የተተኰሰ ሁለት ሰዎች መጡ፤ ሥራቸው ምን እንደ ሆነ ማንም አልተናገረም፤ ሁሉም ግን ዐወቀው። ማለዳ ማለዳ ካቦው አራት አራት ሰው ከሥራ ላይ እያነሣ ወደ ቢሮ ይወስዳል። ሲመለሱ አይናገሩም። ከመካከላቸው አንዷ ቀና ብላ «ፋብሪካው ወደ አርካንሶ ሊሄድ ነው አሉ» ትላለች፤ ሌላዋ «ዝም በይና ሥራሽን ሥሪ» ትላታለች። ረቡዕ ረቡዕ ሬይ በነፃ የተጠበሰ ዓሣ ያበላቸው ጀመር፤ ራሳቸው የበለቱትን ዓሣ።

ሎቪኒያም ተጠርታ ነበር። ስትመለስ አርዜላ ጠየቀቻት።

«ምን አሉሽ?»

«ማኅበሩን አልፈልግም የሚል ወረቀት ፈርሚ አሉኝ። መጀመሪያ ጣቴን ክፈቱልኝ አልኳቸው። ሁለቱም እጄን አዩና አንዱ መስኮቱን ማየት ጀመረ።» ሥቃ ነበር፤ ሳቁ ግን ወዲያው ጠፋ። «አርዜላ፣ አንዱ ጻፈ። እጄን አይቶ ጻፈ።»

በአራተኛው ሳምንት በምግብ አዳራሹ ግድግዳ ላይ ትልልቅ ፊደል ያለው ወረቀት ተለጠፈ። «አርዜላ ፐርኔል ራሷ እንዲህ ብላለች፤ ሁሉም ወዶ መፈረሙን እኔ አላወቅሁም።» ሽማግሌው ለልጁ ተርኮለት ይሁን፣ ተጠይቆ ይሁን፣ የሚያውቅ የለም። ቃሉ ግን የእርሷ ነበር፤ አንዲት ፊደል አልተጨመረበትም።

የዓሣ መኪና የሚያራግፈው ቨርዴል የሚባል ግዙፍ ሰው ወረቀቱ ሥር ቆሞ ጠበቃት።

«ሚስ አርዜላ፣ ብለዋል ወይስ አላሉም?»

«ብያለሁ፤ ግን—»

«ግኑን እዚህ አልጻፉትም።»

«እውነት ስለ ሆነ ነው ያልኩት።»

«እኔ እኮ ወድጄ ነው የፈረምኩት። ስድስት ሰው አስፈርሜያለሁ። አሁን ሁሉም አንተም አስፈራርተኸን ነው ይሉኛል።» ባርኔጣውን አደረገ። «ውሸት ቢናገሩ እኮ ይሻለን ነበር።»

የምርጫው ቀን ሐሙስ ነበር። በምግብ አዳራሹ መጋረጃ ተጋረደ፤ ከመንግሥት መሥሪያ ቤት የመጣች ሴት የካርቶን ሣጥን ለሁሉ አሳይታ ባዶነቱን ካረጋገጠች በኋላ አሸገችው። አርዜላ ለሠራተኞቹ ታዛቢ ሆና በጠረጴዛው ዳር ተቀመጠች። ሠራተኞቹ እርጥብ ጎማ ጫማቸውን እያንሿፈፉ በተራ አለፉ። አንዷ ትከሻዋን ነካ አደረገቻት፤ አንዱ ጠቀሳት፤ ብዙዎቹ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «አይዞሽ» አሏት። እርሷም ቈጣሪ መሆን ልማዷ ነበረና በልቧ ቈጠረች። ያበረታቷት ሰማንያ አንድ ነበሩ።

ሣጥኑ ተከፈተ። ለማኅበሩ ኀምሳ፤ በማኅበሩ ላይ ኀምሳ ሰባት።

ሴትዮዋ ቍጥሩን ሁለት ጊዜ አነበበች። ሬይ ስታንሲል አላጨበጨበም፤ ማጨብጨብ አላስፈለገውም። በሕጉ መሠረት ዓመት ሳይሞላ ሌላ ምርጫ አይደረግም። ኮርዴል ሻንጣውን ይዞ ወደ ሜምፊስ ሲመለስ አርዜላን ሊወቅሳት አፉን ከፍቶ ነበር፤ ፊቷን ሲያይ ግን «እኅት አርዜላ፣ ምግብ ይብሉ» ብቻ ብሎ ሄደ።

ከዚያ በኋላ ያ ፋብሪካ ሌላ ፋብሪካ ሆነ። ከጎንና ከጎን ቆመው ዓሣ የሚበልቱ ሰዎች እርስ በርስ መተያየት ተዉ፤ ከሃያ የሚበልጡ ሰዎች ፈርመው ከድተዋልና፣ እነማን እንደ ሆኑም አይታወቅምና፣ እያንዳንዱ ጎረቤቱን እንዲጠረጥር ተፈረደበት። ጄርሊን በመኪና ማቆሚያው ተከትላት መጣች፤ ታለቅስ ነበር።

«ሚስ አርዜላ፣ እኔ ለማኅበሩ ነው የመረጥኩት። በእናቴ ይሁንብኝ። የኋላ ኋላ ወድጄው ነበር።»

አርዜላ የልጅቱን ፊት አየች። እውነቷን ሊሆን ይችላል፤ ላይሆንም ይችላል። ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ሣጥን ስትከፍት የኖረች ሴት በዚያ እርጥብ ፊት ላይ የሚከፈት ነገር አጣች። «እግዚአብሔር ይስጥሽ» ብላ መኪናዋ ውስጥ ገባች። በኅዳር የጄርሊን እናት ለእድሩ ቀረበች፤ ሁሉም ነጭ ሆኖላት ገባች።

በዚያው ወር መጨረሻ፣ ከምስጋና በዓል በፊት በዋለው ማክሰኞ፣ ዶይል ሎቪኒያን ለስንብት ጠራት። ሰዓቱን አልያዘም ነበር።

«ሬይ ነው ያለው፤ እኔ አይደለሁም» አላት።

«ዐውቃለሁ፣ ዶይል። አንተማ ትናፍቀኛለህ።»

ሽርጧን አርዜላ ፈታችላት። ሎቪኒያ ቢላዋን ከጠረጴዛው ላይ ለማንሣት ሞከረች፤ ሁለት ጊዜ ከእጇ ወደቀ። «እስቲ አንሺልኝ» አለች። «ዛሬ ደግሞ ጣቶቼ አንዘጋም አሉኝ።» አርዜላ ቢላውን አነሣች፤ አጥባ፣ በጨርቅ ጠቅልላ በቦርሳዋ ከተተችላት። ለመናገር ብላ ሎቪኒያን አየች፤ ነገር ግን ዓሣ አመላላሹ ተንቀሳቃሽ ቀበቶ ሌላ ዓሣ ይዞ መጥቶ ነበርና ወደ ቦታዋ ተመለሰች።

በታኅሣሥ የመጀመሪያ እሑድ እድሩ ከጸሎት በኋላ ተሰበሰበ። ሣጥን ያዢዋ ለሣጥኑ የምትቀርብበት ቀን ነበር። እንደ ልማዱ በዚያ ቀን ሣጥኑን የምታስተናግደው የእድሩ ሊቀ መንበር እኅት ሞዜል ነበረች፤ አርዜላ ብቻዋን ከፊት ወንበር ተቀመጠች። ፍሬ ከሚጥሉት ሃያ ሁለት ሴቶች ዘጠኙ የስታንሲል ሠራተኞች ነበሩ። አንድ በአንድ ወደ ሳሕኑ ሄዱ፤ አደንጓሬው ሣጥኑ ውስጥ ሲወድቅ ደረቅ ድምፅ ያሰማ ነበር።

በመጨረሻ ሎቪኒያ ተነሣች። ጀርባዋን ለጉባኤው ሰጥታ በሳሕኑ ላይ አጎነበሰች። ሴቶቹ ጠበቁ። አደንጓሬ ትንሽ ነገር ነው፤ ሁለት ጣት ይበቃዋል፤ ለሎቪኒያ ግን ያ ሁለት ጣት አልነበራትም። በግራዋ ሞከረች፤ ፍሬዎቹ አምልጠው በጠረጴዛው ላይ ተበተኑ፤ አንዳንዶቹም ወደ ወለሉ ወርደው ከወንበሮች ሥር ተንከባለሉ።

«ላንሣልሽ፣ እኅት ሎቪኒያ?» አለች ሞዜል በቀስታ። «በጆሮዬ ንገሪኝ።»

ሎቪኒያ ቀና አለች። «ለጆሮሽ የሚሆን ምሥጢር የለኝም» አለች። «ጥቁሯን አንሺልኝ።»

አንዲት ሴት «ኧረ ሎቪኒያ!» አለች። ሎቪኒያ ወደ አርዜላ ዞረች፤ በፊቷ ላይ ቍጣ አልነበረም፤ ቢኖር ለአርዜላ ይቀላት ነበር።

«አልጠላሁሽም» አለቻት። «ይሄ ሣጥን ግን ሣጥን ሁሉ አንድ ነው አስባለሽ። እጄን እያየሽ ነው ያልሽው።»

አርዜላ ያንን እጅ አየችው።

ሞዜል ጥቁሯን ፍሬ አንሥታ ጣለቻት፤ ሊቀ መንበሯ በምትይዘው ሁለተኛ ቁልፍ ሣጥኑን ከፍታም ቈጠረች። ሃያ አንድ ነጭ፣ አንዲት ጥቁር። አርዜላ በጨርቁ ላይ የተዘረጉትን ነጮች አየቻቸው። ከእነርሱ ዘጠኝ ያህሉ «አይዞሽ» ካሏት ሰዎች እጅ የወጡ ነበሩ። ቀድሞ ነጭ ባየች ጊዜ እውነት ያየች ይመስላት ነበር፤ አሁን ግን በዚያ ጨርቅ ላይ ካለው ሁሉ የማን እንደ ሆነች የምታውቃት፣ ያለ ጥርጥርም የምታምናት፣ ያች ጥቁር ብቻ ነበረች። የራሷን የሣጥን ቁልፍ ከአንገቷ አውልቃ ለሞዜል ሰጠች። ሌሎቹ ሴቶች ወለሉ ላይ የተበተነውን አደንጓሬ ለመልቀም ጎንበስ አሉ፤ ፊቷን ላለማየትም የሚመች ሥራ ነበር።

ሎቪኒያ ሌላ የሚያደርሳት ሰው አልነበራትም። እንደ ወትሮው በአርዜላ መኪና ገባች፤ በታጨደው እርሻና በኩሬዎቹ መካከል ባለው መንገድ ሳይነጋገሩ ተጓዙ። ፋብሪካውን ሲያልፉ ሎቪኒያ ወደ ሌላው ወገን አየች። ቤቷ ደጃፍ ሲደርሱ መኪናው ቆመ።

ሎቪኒያ የበሩን መክፈቻ በመዳፏ ገፋችው፤ አልተከፈተላትም። ደግማ ገፋችው። ከዚያም እጆቿን በጭኗ ላይ አኑራ ቀጥ ብላ ተቀመጠች፤ አልለመነችም።

አርዜላ ሞተሩን አጠፋች፤ ወርዳ በመኪናው ፊት ዞረች፤ በሩንም ከፈተችላት።